ወንበሩ ሳይለቀቅ የሚመለስ ሐቅ

አልሐምዱ ሊላህ! ምስጋና ሁሉ ሥልጣኑ ዘመን ለማይቆረጥለት፣ ግዛቱን ወራሽ ለማይረከበው ጌታ ይገባው። እናመሰግነዋለን፤ እርዳታውን እንሻለን፤ ምሕረቱንም እንለምነዋለን። ከአላህ በቀር በሐቅ የሚመለክ እንደሌለ፣ ሙሐመድም ባሪያውና መልእክተኛው እንደሆኑ እንመሰክራለን። የአላህ ሰላትና ሰላም በእርሳቸው፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሐቦቻቸውና እስከ ፍርዱ ቀን ፈለጋቸውን በተከተሉት ሁሉ ላይ ይሁን።

የአላህ ባሪያዎች ሆይ! አስቀድሜ ራሴን፣ ቀጥሎም እናንተን አላህን እንድንፈራ አደራ እላለሁ። ሥራችንን ሁሉ ያያል፤ የተረከብነውን ሁሉ ይጠይቀናል። በሱረቱ-ን-ኒሳእ 58ኛ አንቀጽ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ፣ በሰዎች መካከል ስንፈርድም በፍትሕ እንድንፈርድ አዝዞናል። ሥልጣን አማና ነው። ማስረከቢያው ሲቃረብ ደግሞ ሸክሙ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምንነጋገረው ከወንበሩ ሊነሣ ጥቂት ሳምንት የቀረው መሪ በሩቅ አገር ላሉ ተበዳዮች ምን ዕዳ እንዳለበት ነው። «እኛን ከፕሬዚዳንት ጋር ምን አገናኘን?» የሚል አይጠፋም። እኛ በዚህች በአሜሪካ ታክሲ ነድተን፣ ሆስፒታል አድረን ባገኘነው ገቢ ላይ ግብር እንከፍላለን። ብዙዎቻችንም ዜግነት ወስደን እንመርጣለን። በዚህ ገንዘብና በዚህ ድምፅ የሚሠራው ነገር ይመለከተናል፤ ሒሳቡም ይደርሰናል።

ስለ ተሰናባች መሪ ሲነሣ ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የተሻለ ምሳሌ የለንም። በቡኻሪ ዘገባ እንደምናገኘው፣ ከመወጋታቸው ጥቂት ቀናት በፊት ሑዘይፋንና ዑስማን ኢብኑ ሑነይፍን አቁመው ይጠይቋቸው ነበር። ሁለቱ የዒራቅን መሬት ግብር የተመኑ ሰዎች ናቸው። የዑመር ጥያቄ አንድ ነበር፦ መሬቱ የማይችለውን ጭናችሁበት ይሆን? ሰዎቹ ከአቅሙ በላይ እንዳልጫኑበት ነገሯቸው። ዑመርም አላህ በሕይወት ካቆያቸው የዒራቅን መበለቶች ከእርሳቸው በኋላ የማንም እጅ ጠባቂ እንዳይሆኑ አድርገው እንደሚተዉ ተናገሩ። አራት ቀን አላለፈም፤ ሱብሒ ሲያሰግዱ ተወጉ።

ቁስሉ እንደማይድን ካወቁ በኋላ ያደረጉትን ተመልከቱ። ልጃቸው የዕዳቸውን መጠን እንዲያሰላ አዘዙ። ተተኪያቸውን ራሳቸው አልሾሙም፤ ጉዳዩን ለስድስት ሶሐቦች ሹራ ተዉት። ከዚያ ለሚመጣው ኸሊፋ ኑዛዜ አስቀመጡ። የሙሃጂሮችን፣ የአንሷሮችን፣ የከተሞችንና የገጠሩን ሰው ሐቅ ዘርዝረው ሲያበቁ በመጨረሻ ያነሡት በአላህና በመልእክተኛው ጥበቃ ሥር ያሉትን ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች ነው። ቃል ኪዳናቸው እንዲሞላላቸው፣ ጠላት ቢመጣባቸው እንዲዋጉላቸው፣ ከአቅማቸው በላይም እንዳይጫንባቸው ተናዘዙ። ደሙ እየፈሰሰ ያለ ሰው፣ በእምነት ከእርሱ የተለዩ፣ ከደጁ የራቁ ሰዎችን ሐቅ ያስብ ነበር።

እዚህ ውስጥ አንድ ሚዛን አለ። ዑመር በመጨረሻ ሰዓታቸው በማንም ላይ አዲስ ሸክም አልጫኑም፤ በእርሳቸው ላይ ያለውን ሐቅ ግን ለነገ አላሳደሩም። ለተሰናባች መሪ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላውቅም፦ አዲስ ዕዳ አትግባ፤ የቆየብህን ክፈል።

ይህ ሚዛን አንድ የተለመደ ሙግት ይፈታልናል። «ሕዝቡ ሌላ ሰው መርጧል፤ ተሰናባቹ እጁን ይሰብስብ» የሚሉ አሉ። አዲስ ጦርነት ለመጀመር ወይም አገርን ለዓመታት የሚያስር ውል ለመፈረም ከሆነ ልክ ናቸው። ያለ ክስ የታሰረን ሰው መፍታት ግን አዲስ ፖሊሲ አይደለም። የሰውየው ሐቅ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው በሞት አልጋ ላይ ሆኖ ቢከፍልም ከፈለ ይባላል፤ መዘግየቱ ያስወቅሰዋል፣ ገንዘቡ ግን ለባለቤቱ ይደርሳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወንድሙን የበደለ ሰው ዲናርም ዲርሃምም የማይሠራበት ቀን ሳይመጣ ዛሬውኑ እንዲያስለቅቅ መክረዋል። ዛሬውኑ ነው ያሉት።

ወደ ዘመናችን እንምጣ። ጓንታናሞን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2002 በኩባ ምድር ባለው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሠፈር በተከፈተው በዚህ እስር ቤት 780 የሚጠጉ ሰዎች አልፈዋል። ሁሉም ሙስሊሞች ነበሩ፤ እጅግ የሚበዙትም አንድም ክስ አልተመሠረተባቸውም። በአገራችን በኢትዮጵያ ተወልዶ በእንግሊዝ ይኖር የነበረ ወጣትም አንዱ ነበር። የቀረበበት ክስ ተነሥቶ በፌብሩዋሪ 2009 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ።

ባራክ ኦባማ ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ቀን እስር ቤቱ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ አዘዙ። በወቅቱ 242 ሰዎች ነበሩበት። ኮንግረስ እስረኞቹ ወደ አሜሪካ ምድር እንዳይዛወሩ በሕግ ከለከለ። ዓመቱ አለፈ፤ ስምንት ዓመትም አለፈ። በመጨረሻው ወር ጥድፊያ ሆነ፤ ቢሮውን ሊለቁ አንድ ቀን ሲቀራቸው እንኳ አራት ሰዎች ወጡ። 41 ሰዎች ግን ቀሩ።

ከቀሩት አንዱ የሞሮኮ ሰው ነበር። የስድስት መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ያሉበት ገምጋሚ ቦርድ በጁላይ 2016 ወደ አገሩ ይመለስ ብሎ ወስኖለታል። የቀረው ሞሮኮ ሰውየውን ለመቀበል መስማማቷን የሚገልጽ ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤው ዲሴምበር 28 ደረሰ። ሕጉ ደግሞ እስረኛ ከመውጣቱ ከ30 ቀን በፊት ለኮንግረስ እንዲነገር ያዛል፤ ወንበሩ የሚለቀቀው ጃንዋሪ 20 ነው። ስምንት ቀን ጎደለ። ጠበቆቹ በአስቸኳይ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አልተሳካላቸውም። ሰውየው የአገሩን ምድር የረገጠው በጁላይ 2021 ነው። የስምንት ቀን መዘግየት አራት ዓመት ተኩል እስር ወለደች።

የአላህ ባሪያዎች ሆይ! እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ሰው ያሰነበተው የማንም ጭካኔ አልነበረም። ፈትተነዋል ብለው ነበር። ያቆየው ዛሬ ነገ ማለት ነው፤ ከቢሮ ቢሮ የሚንከባለል ወረቀት ነው። ዙልም ሁልጊዜ ጅራፍ ይዞ አይመጣም። አንዳንዴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ፊርማ ይጠብቃል።

ጆ ባይደን ሲገቡ 40 ሰዎች ተረከቡ። በኦክቶበር 2023 ለ11 የየመን ሰዎች ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ፣ ወደ ኦማን የሚወስዳቸው አውሮፕላንና ጠባቂዎቹ ጓንታናሞ ደርሰው ነበር። በዚያው ሰሞን የጋዛው ጦርነት ፈነዳ፤ በኮንግረስ ውስጥ ሥጋት ተነሣ፤ ጉዞው ቀረ። ሰዎቹ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ያለ ክስ የታሰሩ ናቸው፤ በሌላ አገር ስለተነሣ ጦርነት የሚጠየቁበት ምንም ነገር አልነበረም። ሌላ 15 ወር ጠበቁ። በጃንዋሪ 2025 የመጀመሪያ ሳምንት፣ ባይደን ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ኦማን መድረሳቸው ተሰማ። በእስር ቤቱ 15 ሰዎች ቀሩ፤ ከእነርሱም ሦስቱ እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ነበሩ።

በሩ ግን አልተዘጋም። ተተኪው ዶናልድ ትራምፕ በገቡ በዘጠነኛው ቀን ያው ሠፈር እስከ 30,000 ስደተኛ እንዲይዝ አዘዙ፤ በቀጣዩ ወር ከአሜሪካ የተያዙ የቬኔዙዌላ ሰዎች ተወሰዱበት። ሳትዘጋው የሄድከውን እስር ቤት ከአንተ በኋላ የሚመጣው የሚያስገባበት ሰው አያጣም።

ከዚህ የምንማረው የቅደም ተከተል ነገር ነው። ብዕር የጻፈውን ብዕር ይፍቀዋል። ቢል ክሊንተን የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ውል የፈረሙት ፊርማ በሚዘጋበት በመጨረሻው ቀን፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2000 ነው። ተተኪያቸው ለሴኔት እንዲያቀርበው እንደማይመክሩም በዚያው ዕለት ገለጹ። በሜይ 2002 የቡሽ መንግሥት አገሪቱ በፊርማው እንደማትገደድ አሳወቀ። ባይደን በዌስት ባንክ በፍልስጤማውያን ላይ ጥቃት በሚያደርሱ ሠፋሪዎች ላይ የጣሉት ማዕቀብም ትራምፕ በገቡበት ዕለት ተሻረ። ባይደን ኩባን ሽብርን ከሚደግፉ አገሮች ዝርዝር ያወጡበት ውሳኔ የቆየው ስድስት ቀን ብቻ ነው።

በኩባው ጉዳይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ከውሳኔው ጋር ኩባ 553 እስረኞችን እንደምትፈታ ቃል ገብታ ነበር። ወረቀቱ ቢሻርም በማርች 2025 ፈትታ መጨረሷን አስታወቀች። ከታወቁት ተቃዋሚዎች አንዳንዶቹ መልሰው ታስረዋል፤ ሌሎቹ ግን ቤታቸው ገብተዋል። በስደተኞች ጉዳይም ያው ነው። በ2024 የበጀት ዓመት ከ100,000 በላይ ስደተኞች በሕጋዊው የሠፈራ መርሐ ግብር አሜሪካ ገቡ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 መርሐ ግብሩ እንዲቆም ሲታዘዝ ቲኬት የተቆረጠላቸው ሺዎች ባሉበት ቀሩ። ቀድሞ የደረሰው ዛሬ ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል። ቀኑ ያለፈበት ካምፕ ውስጥ ነው፤ ከመካከላችሁ የእንዲህ ዓይነት ሰው ስልክ የሚደወልላችሁ አላችሁ።

ስለዚህ የተሰናባች መሪ የመጀመሪያ ሥራ ስማቸው በሚታወቅ ሰዎች ላይ ይሁን። የተፈቀደለትን እስረኛ ያውጣ፤ ጉዳዩ ያለቀለትን ስደተኛ ያሳፍር። ሲያወጣም ወዴት እንደሚልክ ይወቅ። ኦባማ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የላኳቸው ሰዎች ነፃ ኑሮ ይጠብቃቸዋል ተብሎ ለዓመታት እዚያም እንደታሰሩ ተዘግቧል። ከእስር ወደ እስር ማዛወር ሐቅን መመለስ አይደለም።

ሁለተኛው ሥራ እጁን ከጥፋት ማንሣት ነው። በኦክቶበር 2016 በሰንዓ ከተማ ለቅሶ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች ሳዑዲ በምትመራው ጥምረት ከአየር ተደብድበው 140 ያህል ሞቱ። ለቅሶ ቤት ምን እንደሚመስል ለሐበሻ አይነገርም። ከሁለት ወር በኋላ የኦባማ መንግሥት ዒላማን ለይተው የሚመቱ ቦምቦች ለሳዑዲ እንዳይሸጡ አገደ። በቀጣዩ ዓመት ተሻረ። እገዳው በወጣበት ጊዜ ግን የየመን ጦርነት ሃያኛ ወሩን አልፎ ነበር፤ እገዳው ቀደም ብሎ ቢመጣ በዚያ ለቅሶ ላይ የነበሩትን ይጠቅም ነበር። ባይደን ደግሞ የየመኖቹ 11 ሰዎች ወደ ኦማን በሄዱበት ሰሞን ስምንት ቢሊዮን ዶላር የሚገመት የጦር መሣሪያ ለእስራኤል እንዲሸጥ ለኮንግረስ አሳወቁ። በአንድ እጅ ዕዳ ይከፈላል፤ በሌላው እጅ ጋዛ ላይ አዲስ ዕዳ ይገባል።

የመጨረሻ ቀናት በራሳቸው በረከት የላቸውም። ትራምፕ የመጀመሪያ ዘመናቸው ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው በ2007 ባግዳድ ኒሱር አደባባይ ላይ ሰላማዊ ሰዎችን ገድለው ለተፈረደባቸው አራት የግል ጥበቃ ድርጅቱ የብላክዋተር ጠባቂዎች ምሕረት ሰጡ። የሟቾቹን ቤተሰብ ማንም አልጠየቀም። መንግሥታቸው ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ደግሞ የየመን ታጣቂዎች የሆኑትን ሑሢዎችን በአሸባሪነት የፈረጀው ውሳኔ ሥራ ላይ ዋለ። የመን ምግቧን በአመዛኙ ከውጭ የምታስገባ አገር ናት፤ የእርዳታ ድርጅቶች ረሃብ ይመጣል ብለው ጮኹ፤ ውሳኔው በፌብሩዋሪ ተነሣ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሐባቸውን ሙዓዝን ወደዚያችው ወደ የመን ሲልኩ የተበዳይን ዱዓእ እንዲፈራ፣ በእርሷና በአላህ መካከል ግርዶሽ እንደሌለ ነግረውት ነበር። የሥራ ሚዛን በመጨረሻው መሆኑን ያስተማሩን ነቢይ ተከታዮች ነንና፣ መሪም በምን እንደሚያሳርግ ይጠንቀቅ።

ሦስተኛው ሥራ ምስክርነት ነው። አላህ በሱረቱል በቀራህ ምስክርነትን መደበቅን ከልብ ኃጢአት ቆጥሮታል። መንግሥት የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ተሰናባቹ የሚፈራው ምርጫ ደግሞ የለም። የባይደን መንግሥት ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በሱዳን ፈጥኖ ደራሹ ጦር የዘር ማጥፋት መፈጸሙን አሳውቆ በመሪው ላይ ማዕቀብ ጣለ። እውነት ተናገረ። ጦርነቱ ከተነሣ ግን 21 ወር ሊሞላው ነበር፤ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የሱዳን ወንድሞቻችን ይህን ሲናገሩ የቆዩት ቀድመው ነው። ቃሉና ማዕቀቡ ብቻቸውን ግን ጦሩን አላስቆሙትም፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር የዳርፉሯ ከተማ አል-ፋሺር ከረዥም ከበባ በኋላ በዚያው ጦር እጅ ወደቀች። እንዲሁም የአሜሪካ ሴኔት ስለ ሲአይኤ የማሰቃየት ምርመራ ያዘጋጀው ከ6,000 ገጽ በላይ ሰነድ አለ። በ2014 የወጣው ማጠቃለያው ብቻ ነው። ኦባማ ሲወጡ ሙሉውን በፕሬዚዳንታዊ መዝገባቸው አስቀመጡት፤ እንዳይጠፋ ተደረገ፣ ለተበዳዮቹ ግን አልተነበበም።

ይህን ብያለሁ፤ ለእኔም ለእናንተም ለሙስሊሞችም ሁሉ ከአላህ ምሕረትን እለምናለሁ። እናንተም ምሕረቱን ለምኑት፤ እርሱ መሓሪ አዛኝ ነው።

(ኸጢቡ ጥቂት ተቀምጦ ይነሣል።)

አልሐምዱ ሊላህ፤ ሰላትና ሰላም በአላህ መልእክተኛ ላይ ይሁን።

የአላህ ባሪያዎች ሆይ! የሰውን ሐቅ ከመንግሥት ጥቅም ማስቀደም ይቻላል ወይ ለሚል፣ መልሱ ከእኛው አገር ነው። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ጓደኛውን የቆዳ ስጦታ አሸክመው ወደ ሐበሻው ንጉሥ ወደ ነጃሺ ሲልኩ፣ ጥያቄያቸው የተሰደዱት ሙስሊሞች ተላልፈው እንዲሰጡ ነበር። ንጉሡ ስደተኞቹን ወክሎ የተናገረውን ጀዕፈርን አስቀርቦ ሰማ፤ ስጦታውን መለሰ፤ ሰዎቹን አልሰጠም። ይህ ታሪክ ለበዓል ማድመቂያ ብቻ አይደለም። በጓንታናሞ 22 የኡይጉር ሙስሊሞች ነበሩ። ቻይና ትፈልጋቸው ነበር፤ ቢላኩላት የሚጠብቃቸው ስለታወቀ አሜሪካ አልሰጠቻቸውም፤ በምድሯ ግን አላስገባቻቸውም። አልባኒያ አምስት፣ ቤርሙዳ አራት፣ ፓላው ስድስት፣ ስዊዘርላንድ ሁለት፣ ኤል ሳልቫዶር ሁለት፣ ስሎቫኪያ ሦስት ተቀበሉ። ብዙዎቻችን በካርታ ላይ የማናገኛቸው ደሴቶች የነጃሺን ሥራ ሠሩ።

ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ስም እንያዝ። ከኮንግረስ ወኪላችን ጋር ስንገናኝ ሰብአዊ መብት ይከበር ብለን ብቻ አንመለስ፤ እንዲወጣ ተፈቅዶለት ያልወጣው ሰው ለምን እንዳልወጣ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ቀኑን ቀድመን እንቁጠር። የሞሮኮውን ሰው ያስቀረው ስምንት ቀን የጎደለው በዲሴምበር አይደለም፤ ደብዳቤው ሳይመጣ ባለፉት ወራት ነው። አሁን ያለው የሥልጣን ዘመን የሚያበቃው ጃንዋሪ 20 ቀን 2029 ነው። ጥያቄ የምናቀርበው በዚያ ወር ከሆነ ዘግይተናል። ሦስተኛ፣ ለወገናችን ብቻ የምንጮህ አንሁን። ዑመር የተናዘዙት ሙስሊም ላልሆኑት ለዚሚዮች ጭምር ነው። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት ለተበዳይ ለመቆም በተማማሉበት በሒልፉል ፉዱል ተገኝተዋል፤ በእስልምና ዘመንም ለመሰሉ ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። የኩባው ክርስቲያን እስረኛና የቬኔዙዌላው ስደተኛ ሐቅም ሐቅ ነው።

ደግሞም ሁላችን ከአንድ ነገር ላይ ወራጆች ነን። የመስጂድ ኮሚቴ ሒሳብ ያዥ ነህ? ሳትወጣ መዝገቡን አስረክብ። የየቲም ገንዘብ በእጅሽ አለ? ዛሬ ለይተሽ ጻፊው። ሠራተኛ አሰናብተህ የቀረ ደመወዝ አለብህ? ሶላቱ እንዳለቀ ደውል። መሪዎችን በዚህ ሚዛን የምንመዝን ከሆነ ሚዛኑ ቤታችንም ይግባ።

አላህ ሆይ! በሥልጣን ላይ ያሉትን ሁሉ ወደ ፍትሕ ምራቸው፤ ከወንበራቸው ሳይነሡ የሰው ሐቅ እንዲመልሱ ልባቸውን አንቃ። አላህ ሆይ! በግፍ የታሰሩትን አስፈታ፤ የተሰደዱትን አስጠጋ፤ የተራቡትን አጥግብ። ለጋዛ፣ ለሱዳን፣ ለየመን፣ ለኡይጉሮች ድረስላቸው። አገራችንን ኢትዮጵያን ሰላም አድርጋት፤ በውስጧ የተበደለ ሁሉ ሐቁን የሚያገኝባት አድርጋት። አላህ ሆይ! ከሥራችን ያማረውን የመጨረሻውን አድርግልን፤ ከቀኖቻችንም በላጩን አንተን የምንገናኝበት ቀን አድርግልን። አሚን።

የአላህ ባሪያዎች ሆይ! አላህን አውሱ፤ ጸጋውንም አመስግኑ። ኢቃም ይባል፤ ሰልፋችሁን አስተካክሉ።